ዕድሜ የሚጨምረው ቅጠል

እኔ እንኳ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ነው፤ እስክሪብቶ ስይዝ እጄን ያልበኛል። ጠማማውን አቃንታችሁ አንብቡልኝ። ስለ ጎረቤቴ ስለ አያ ሉዋን የሚጽፍ ሌላ ሰው አጣሁ፤ እሱ ራሱ ይጻፈው ብዬ እንዳልተወው ደግሞ ዕድሜው እንደገና ይጨምራል ብዬ ፈራሁ።

አያ ሉዋን የሚሸጠው በቆሎ ማሳ ውስጥ መሬት ላይ የሚነጠፈውን፣ ቅጠሉ ወፈር ያለውን አረም ነው። ተነቅሎ ድንጋይ ላይ ቢሰጣ እንኳ ቶሎ አይደርቅም።

"ፀሐይ ያልገደለችውን የበላ ሰው ማን ይገድለዋል?" ይላል።

ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ግንዱ ቀይ፣ አበባው ቢጫ፣ ሥሩ ነጭ፣ ፍሬው ጥቁር፤ ለጉበት፣ ለልብ፣ ለጣፊያ፣ ለሳንባ፣ ለኩላሊት፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቀለም ደርሷቸዋል። የሆድ ሙቀት ያበርዳል፣ ተቅማጥ ያቆማል፣ ተወቅጦ እባጭ ላይ ይለጠፋል፣ ነፍሰ ጡር አትነካውም። ይሄን እናቶቻችንም ይሉ ነበር፤ እኔም በዱቄት ለውሼ፣ በእንፋሎት አብስዬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሆምጣጤ እበላዋለሁ። አያ ሉዋን ግን እዚያ ላይ መቼ ይቆማል! መላጣ ላይም ጸጉር ያበቅላል ይላል። የሱን ራስ ያየ እንቁላል ይመስለዋል፤ ግን ማን ደፍሮ ይጠይቀው?

ምስክሩ ዕድሜው ነው። "ሰማንያ ስምንት ዓመቴ ነው!" ብሎ ቅርጫቱን ባንድ እጁ ሲያነሳ ሰው ይገዛል። በኛ አገር እያንዳንዱ ዓመት ከአሥራ ሁለት እንስሳት ባንዱ ስም ይጠራል፤ እሱ የተወለደው በፈረስ ዓመት ነው፤ ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ፈረሱ ግን በየአሥራ ሁለት ዓመቱ ዞሮ ይመጣል። የትኛው ፈረስ እንደሆነ የጠየቀው የለም። ገበያውም፣ በየድግሱ ከበሩ ትይዩ የሚቀመጥበት የትልቅ ሰው ወንበርም በዚያ ፈረስ ጀርባ ላይ የተጫኑ ናቸው።

የልደቱ ለት፣ ዕድሜ ይርዘም ተብሎ የሚበላው ረጅሙ ኑድል እንደቀረበ፣ ሩቅ አገር የተዳረችው እህቱ እትዬ ሩዪን ሳትጠራ ከተፍ አለች።

"ቡችላዬ! አለህልኝ?"

ቡችላ የልጅነት ስሙ ኖሯል። ሰው ሳቁን በኑድል አፈነ። አንዱ እንግዳ አክብሮ፣ "እማማ፣ የሳቸው ታናሽ ነዎት?" አላት።

"ታናሽ? አፍህን ታጠብ! እኔ የጥንቸል ዓመት ልጅ ነኝ፣ ከሱ ፈረስ ሦስት ዓመት የምቀድም፤ ሰባ ዘጠኝ ሞልቶኛል። አዝዬ ያሳደግሁት እኔ፣ ጀርባዬን ሲያረጥበው የኖረ እሱ!"

"እሳቸው እኮ ሰማንያ ስምንት ናቸው።"

"እሰይ! ታዲያ ሳልወለድ ነው ያዘልኩት?"

በማግስቱ ገበያ ነው። ቅርጫቱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ይሁን አረም፣ የሚወስነው የአያ ሉዋን መልስ ነው። ኑድሉን ዋጠና፣

"ዕድሜ ይጨምራል ብዬ የለ? ይኸው አሥራ ሁለት ጨመረልኝ!" አለ።

"እኛ ቤት ለአሳማ ነበር የምንሰጠው። እኔ ቀምሼውም አላውቅ" ብላ እህቱ ሳቀች። ጥርሷ አንድም አልጎደለም። ሰውም "እንግዲህ አሳማ ይግዛው!" እያለ ተበተነ።

ጠዋት ገበያ ስወርድ አያ ሉዋን ቅጠሉን ዘርግቶ፣ እህቱን ከጎኑ በርጩማ ላይ አስቀምጧታል።

"ታላቅ እህቴ ናት! ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው! ጉንጯን እዩት፣ እንዴት እንደሞላ!"

እትዬ ሩዪን ዓይኗን አፍጥጣ ልትናገር ትታገላለች። እሱ ግን ያንን እንደ ሙጫ ጥርስ የሚይዝ ትኩስ የሩዝ ኬክ አጉርሷታል፤ ያንን ሳትውጥ ሌላ ይቆርስላታል።