ከመጋረጃው በስተኋላ የሰጠሁት ቃል

ልብንና ኩላሊትን በሚመረምር፣ መጋረጃ በማይከልለው በአንዱ አምላክ ስም እጀምራለሁ። ይህን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሥጋ ወደሙን እያቀበልሁ፣ ኃጢአቴን በአፌ ይዤ ዓመታት ኖርሁ።

በወረታ አጠገብ ዜማ የማስተምር ቄስ ነኝ። ታደለ ከልጅነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት ተማሪዬ ነበር። ኋላ ትምህርቱን ትቶ ሩዝ አራሽ ሆነ፤ ጆሮው ግን ከዜማው አልተለየም። በአንድ የማርያም በዓል በማኅሌቱ መካከል ተሳሳትሁ። እሱም ቀስ ብሎ፣ «የኔታ፣ እዚህ ላይ ድምፁ ይወርዳል» አለኝ። እውነቱን ነበር። ከጎኔ የቆሙት ሽማግሌ ደብተራ ግን፣ «እሰይ! የኔታን የሚያስተምር ተገኘ!» ብለው ሳቁ፤ የቆመው ሁሉ ሳቀ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ያንን ሳቅ ቋጥሬ ቤቴ ገባሁ።

በዚያው ዓመት የተደራጁ የከብት ሌቦች ሜዳውን አስጨነቁት። አንድ ማለዳ በርብ ወንዝ ዳር አራት ሰዎች የጎረቤቴን ላሞች ወደ ይፋግ ሲነዱ አየሁ። ሦስቱን ለየኋቸው። አራተኛው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ ነበር። ቁመቱ የታደለን ይመስላል፤ ፊቱን ግን አላየሁም። አላየሁም!

ፖሊሱ ትሑት ሰው ነበር። «አባታችን፣ አይፍሩ» አለኝ። «በአዲሱ ሕግ ስምዎ አይወጣም፤ ከመጋረጃ ኋላ ሆነው ይመሰክራሉ። ማንም ቢሆን የቡድኑ አባል መሆኑ ብቻ ያስቀጣዋል። አራተኛውን ለይተውታል?»

«ለይቼዋለሁ» አልሁ፤ የታደለንም ስም ሰጠሁ።

ፈርቼ ነበርን? አልፈራሁም። ሕጉ የወጣው ሌባ ቤቱን እንዳያቃጥልበት ለሚሰጋ ድኻ ነው። እኔ ለእርሱ የተሠራውን መጠለያ ለቂሜ ወሰድሁት።

በችሎቱ ቀን ማልሁ። «አራተኛው ታደለ ነው» አልሁ። መጋረጃው ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ያለ ስለነበር የታደለ እግሮች ይታዩኝ ነበር። ቃሌን ሳልጨርስ ጫማውን አወለቀ። በእኔ ጉባኤ ቤት ተማሪ በመምህሩ ፊት ጫማ አድርጎ አይቆምም። ድምፄን ለይቶታል። ጆሮውን ያሠለጠንሁት እኔ አይደለሁምን?

ዳኛው፣ «ለምስክሩ ጥያቄ አለህ?» አሉት።

ታደለም፣ «የለኝም፣ ጌታዬ። እግዚአብሔር ይቅር ይበላቸው» አለ።

ስሜን ለምን አልጠራም? መምህሩን በአደባባይ ላለማዋረድ ይሆን? እኔ ስለ አንዲት ዜማ የነፈግሁትን፣ እሱ እጁ ታስሮ ሳለ ሰጠኝ።

እኅቱ ከሐሙሲት መጥታ፣ «ያን ማለዳ እኔ ዘንድ ሩዝ ሲወቃ ነበር!» ብላ አለቀሰች። የእኔ መሐላ ከእርሷ እንባ በለጠ። ተፈረደበት። በሁለተኛው ክረምት በወህኒ ቤት ታሞ ሞተ። ፍትሐቱን ያደረስሁትም እኔ ነኝ።

ሚስቱ የሺ እስከ ዛሬ የሌባ ሚስት ትባላለች። ውሃ ስትቀዳ ጀሪካኗን የሚያሸክማት የለም። በአርባው ቀን እግሬ ሥር ወድቃ፣ «የኔታ፣ ያሳደጉትን ልጅ ማን ነው እንዲህ ያደረገብን?» አለችኝ። እኔም፣ «እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልጄ» አልኋት። ስሙን መጋረጃ አደረግሁት። ከመሐላዬ ይልቅ ይህ ቃል እንቅልፍ ይነሣኛል።

እነሆ፣ ይህን ጽሑፍ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሕዝቡ ፊት አነብበዋለሁ። ከዚያም ወረታ ወርጄ እውነተኛውን ቃሌን ለፖሊስ እሰጣለሁ። መስቀሌን ለደብሩ አስረክቤያለሁ። እርጅናዬን አትዩልኝ። የሺንም ይቅር በይኝ ብዬ አልለምንም፤ ይቅርታውን ባሏ አስቀድሞ ሰጥቶኝ ነበር፣ እኔ ግን ተቀብዬ ዝም አልሁ። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ታደለ ሌባ አልነበረም፤ ስሙን መልሱለት።

ይህን የምታነብቡና የምትሰሙ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ቤታችሁን ከሐሰት ምስክር ይጠብቅ፤ ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ፤ ከብታችሁን በሰላም አሰማርቶ በሰላም ያግባላችሁ። በረከቱ ግን አስቀድሞ በየሺ ደጅ ይግባ። ነገ ውሃ ስትቀዳ ብታገኟት፣ ጀሪካኗን አሸክሟት። አሜን።