የካርዶቹ ጀርባ

ፎገራ ሜዳ በጎርፍ ሲጥለቀለቅ የወረታው ቤተ መጻሕፍታችን ወለልም ውኃ ይገባዋል። ስለዚህ ከእኔ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ሠራተኛ በየዓመቱ ሰኔ ላይ የታችኛውን መደርደሪያ መጻሕፍት ለሚያምኗቸው ሰዎች በአደራ ያድሉ ነበር። መጽሐፉ ማን ቤት እንዳለ በካታሎግ ካርዱ ጀርባ በእርሳስ ይጽፋሉ። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ የተቀጠርሁት እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው።

የታዘዝሁት ካርዶቹን ወደ ኮምፒውተር እንዳስገባ ነበር። ሐሙሲት ያለ ሰው በስልኩ ከፍቶ የሚፈልገው መጽሐፍ መኖሩን ያያል መባሉ አኩርቶኝ፣ ርእሱንና የደራሲውን ስም እየገለበጥሁ ጨረስሁ። የአንዱንም ጀርባ አላየሁም። ከዚያ ቦታ ያጣበቡኝን ካርዶች ጓሮ ወስጄ አቃጠልኋቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ከአመድ ምኑን ልልቀም?

ከሳምንታት በኋላ አንድ አዛውንት ገበሬ ከይፋግ መጡ። በማዳበሪያ ከረጢት የጠቀለሉትን የከብት ሕክምና መጽሐፍ አወጡ። ሽማግሌው ሠራተኛ ካረፉ ወዲህ የሚሰበስብ ጠፍቶ፣ ሦስት ክረምት ቆጥ ላይ አስቀምጠውት ኖሯል። ኮምፒውተሩን ባየው «መደርደሪያ ላይ አለ» ይላል። ፈራሁ። ሌላም ሰው ቤት መጽሐፍ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ስንቱ ቤት፤ ካርዱን ገልብጠሽ እዪው እንጂ አሉኝ።

ማቃጠሌን ስነግራቸው እንዲህ አሉ፦

«እኔ ሞቼ ቢሆን ኖሮ ማን ይነግርሽ ነበር፣ ልጄ?»

መደርደሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር ሳመሳክር የጎደሉትን ለየሁ፤ የት እንዳሉ ግን የሚያውቅ የለም። ስልክ በጠራ ቁጥር፣ ካታሎጉን አምኖ ከአንበሳሜ የተነሣ ሰው እየመሰለኝ እሸበር ጀመር። አዛውንቱ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ንገሪ ብለው መከሩኝ።

ሄድሁ። ካርዶቹ ጠፉ ልል ነበር ያሰብሁት። ቄሱ ተናገሪ ሲሉኝ ከይፋግ ድረስ የመጡትን አዛውንት ከፊት አየኋቸው።

«አልጠፉም» አልሁ። «ጀርባቸውን ሳላይ ያቃጠልኋቸው እኔ ነኝ።»

ሰዉ አጉረመረመ። በመጨረሻ አንዲት ሴት ከኋላ ተነሣች።

«እናቴ ከሞተች ወዲህ» አለች፣ «የማን እንደሆነ ያላወቅነው መጽሐፍ ቤታችን አለ።»