ካፒቴኑን ቆቦ ላይ የከሰስን ጊዜ

የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ዛሬም መንገድ ላይ ድንገት ሲያገኘኝ እግሬ ይያዝና፣ አይቼው የማላውቀው ባሕር ጆሮዬ ውስጥ መጮኽ ይጀምራል። ባሕር እስከ ዛሬ አላየሁም፣ ላየውም አልፈልግም። ነገር ግን አባቴ ቆቦ ገበያ ዳር በነበረችው የልብስ ስፌት ቤቱ በረንዳ ላይ ካውያውን እያራገበ ሱሪ ሲተኩስ፣ እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የመርከብ ታሪክ ጮክ ብዬ አነብለት ስለነበር፣ የካውያው ሽታና የባሕሩ ጩኸት ከዚያ ወዲህ ተለያይተውልኝ አያውቁም።

መጽሐፉን አባዬ የገዛው በአንድ ክረምት መግቢያ ላይ፣ መሬት ላይ ላስቲክ ዘርግቶ አሮጌ መጻሕፍት ይሸጥ ከነበረ ሰው ነው። ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ ወፍራም፣ ሽፋኑ ላይ ወደ አንድ ጎን ያጋደለች መርከብ የተሳለችበት ልብወለድ ነበር፤ ርዕሱን የሚጠራው ግን አልነበረም፣ ሁሉም «የመርከቡ መጽሐፍ» ነበር የሚለው። ውስጡ የተሰረቀ ወርቅ የጫነች መርከብ፣ ደፋር ካፒቴን፣ ከኋላ የሚያሳድዱ የባሕር ሽፍቶችና ከመርከበኞቹ መካከል የተደበቀ አንድ ከሃዲ ነበሩበት። አባዬ የደከመ ዓይኑን ለመርፌ ቀዳዳ ይቆጥበው ስለነበር ንባቡ የእኔ ሥራ ሆነ። ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፣ ድምፄ ግን ከዕድሜዬ ይበልጥ ነበር።

የራያ ቆላ ክረምት ጭቃና ሙቀቱ አንድ ላይ ነው። ዝናብ ሲጥል ከጎረቤት ከተማ ከሮቢት ሳይቀር ለገበያ የመጡ ገበሬዎች በረንዳችን ላይ እየተጠለሉ፣ «እስቲ አንቺ ልጅ፣ የት ደርሰን ነበር?» ብለው ይጠጉኝ ነበር። ከዞብል ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈው ማሳ ሲያጠጡ የኖሩ ሰዎች ስለሆኑ፣ «ማዕበል» የሚለው ቃል ሲመጣ ማንም ማብራሪያ አይጠይቅም ነበር። አስተያየታቸውም አይዘገይም። «ይኼ ካፒቴን ምን ነካው? ደመናውን እያየ መንገድ ይጀምራል እንዴ?» ይላል አንዱ፤ ጅቡቲ ድረስ ጭነት ይመላለስ የነበረው ሾፌር ጎረቤታችን ደግሞ ባሕሩን በዓይኑ በማየቱ ብቻ ሊቅ ሆኖ፣ «እኔ ያየሁት ባሕር ዝም ብሎ የተኛ ነው፣ ጸሐፊው አጋኖታል» እያለ ያናድደን ነበር። እሱን ዝም የሚያሰኙት የሰፈራችን ሽማግሌ አባ ይማም ብቻ ነበሩ። አባ ይማም ደም አድራቂ ነበሩ፤ ሰው የተገደለበትና የገደለ ሲጣሉ መሐል ገብተው፣ ካሳውን ቆርጠው፣ ቂሙን የሚያበርዱ ማለት ነው። መጽሐፉንም እንደ ክስ ነበር የሚያዳምጡት፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ።

እናቴ ጥግ ላይ ቁልፍ እየተከለች ትሰማለች እንጂ አስተያየት አትሰጥም ነበር። ምክንያቱን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያነሣውም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ታናሽ ወንድሟ ሰይድ፣ የአገሩ ወጣት እንደሚያደርገው፣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ሊገባ ሄዶ ነበር። አብሮት የተጓዘ ልጅ ከወራት በኋላ ደውሎ፣ ጀልባው ሲከብድ ነጂው ዳር ሳይደርሱ ሰዎችን በዱላ እያስፈራራ ውሃ ውስጥ እንዳስወረዳቸው፣ ሰይድም ከእነሱ አንዱ እንደነበር ነገረን። ጉዞውን ያገናኘው ደላላ ከድር ግን «አልሞተም፣ እስር ቤት ነው፣ ስልክ የለውም» እያለ ማለ፤ የእናቴም አባት ይህን ቃል ይዘው ለቅሶ እንዳይቀመጥ ከለከሉ። እናም ሰው ሲሞት የሚባለውን «ኢና ሊላሂ» ለሰይድ ያለ አልነበረም። እማዬ ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። ከድር ደግሞ፣ ጎረቤትም የአባዬ ደንበኛም ስለሆነ፣ በየገበያው ቀን በረንዳችን ላይ ሻይ እየጠጣ ከሚያዳምጡኝ ሁሉ ዋነኛው ነበር። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ማለት ይኸው ነው። እኔ ግን ፊቱን ማየት ያስጠላኝ ነበር፣ ሳነብም ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የምቀመጠው።

መስከረም ጠብቶ ማሽላው ሲያሽት እኛ ልጆች ጥንቅሽ እየመጠጥን ወፍ እንጠብቃለን፣ በገበያ ቀን ደግሞ ንባቡ ይቀጥላል። አባዬ ካፒቴኑን እንደ ዘመዱ ወዶት ነበር፤ ካፒቴኑ ሲቆስል ካውያውን አስቀምጦ ይተክዛል፣ ከሃዲው ማን እንደሆነ ሲከራከርም የሰው ሱሪ ያሳጥራል። ከድርም «ወንድ ማለት እንዲህ ነው!» እያለ ጉልበቱን ይመታ ነበር። ኅዳር ላይ አጨዳ ሲመጣ በረንዳው ባዶ ሆነና እኔ ብቻዬን ወደፊት ማንበብ ጀመርኩ። ያኔ ነው የገመዱን ምዕራፍ ያገኘሁት።

ሦስት መርከበኞች የተሰበረውን የመርከቧን መሪ ሊጠግኑ በትንሽ ጀልባ ይወርዳሉ፤ ጀልባዋ በገመድ ከመርከቧ ጋር ታስራለች። ማዕበሉ ይነሣል፣ ሽፍቶቹ ይደርሳሉ፣ ካፒቴኑም መርከቧ እንድታመልጥ ገመዱን በመጥረቢያ ይቆርጠዋል። ለአባዬ ብነግረው ፊቱ ተለዋወጠ። «ዘሃራ፣ እሷን ምዕራፍ ዝለያት። አመለጡ ብለሽ ቀጥዪ። እናትሽ ትሰማለች» አለኝ።

እናቴ ግን ከዓመት በላይ ሰዎች እየዘለሉላት ነበር የኖረችው። ሰው ሲመጣ ወሬ ይዘለላል፣ ስልክ ሲደወል ክፍል ይለወጣል። እኔም ልዝለልባት? ጥር ላይ ማሽላው ተወቅቶ ሰዉ ሲመለስ፣ አባዬ በዓይኑ እየጠቀሰኝ፣ ምዕራፉን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት። አንዲት መስመር አልተውኩም።

ከድር «ደግ አደረገ! መርከቡ ሁሉ ከሚያልቅ ሦስት ሰው ቢያልቅ ይሻላል» አለ። ሾፌሩም ሌሎቹም ተስማሙ። እማዬ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰክታ ቀና አለች።

«ሦስቱን ማን መረጣቸው?» አለች።

አባ ይማም ሙስበሃቸውን ሰብስበው፣ ቀልድ ይሁን ቁም ነገር ሳይለይ፣ «የሰው ደም የፈሰሰበት ነገር በጨዋታ አይታለፍም፣ በወጉ እንየው። ካፒቴኑ ዋስ ይጥራ» አሉ። አባዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ «ዋሱ እኔ ነኝ» ብሎ ተነሣ፤ ሰዉም ሳቀ። አባ ይማም ግን አልሳቁም። «ደም ያለ ስም አይዳኝም። የሟቾቹ ስም ማን ማን ይባላል?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ገጹን ወደፊትም ወደኋላም አገላበጥኩ። ካፒቴኑ እስከ አያቱ ስም አለው፣ መርከቧ ስም አላት፣ የካፒቴኑ ውሻ እንኳ ስም አለው። ሦስቱ «መርከበኞቹ» ብቻ ናቸው።

«ስም የላቸውም አባ ይማም» አልኩ።

«እንግዲህ ከሳሽም የላቸውም» አለ ከድር እየሳቀ።

«የአንዱ ስም ሰይድ ነው» አለች እናቴ።

ካውያው የሰው ሱሪ ላይ ቀርቶ ሱሪው ማረር ጀመረ፣ ካውያውን የሚያነሣ ግን አልተገኘም። ከድር ከመቀመጫው ተነሥቶ «እትዬ ዘይነብ፣ ልብወለድ እኮ ነው! ተረት ውስጥ የሰው ስም ምን ያስገባል?» አለ። ሁልጊዜ «ጋሽ ከድር» ትለው የነበረችው እናቴ ያን ቀን ጋሽነቱን ነሣችው።

«ተረት ከሆነ አንተን ምን አስነሣህ? ከድር፣ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። አባ ይማም «እስር ቤት ነው ብለሃል። የትኛው አገር፣ የትኛው ከተማ? ማን ነገረህ?» ብለው ጠየቁት። ከድር አንድ ጊዜ የመን አለ፣ አንድ ጊዜ ድንበር ላይ አለ፣ ከዚያ የነገረው ሰው ስልኩ ጠፍቶበታል አለ። ያን ሁሉ ሲል ዓይኑ መንገዱ ላይ ነበር። አባ ይማም ወደ እናቴ ዞረው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉ። ገበሬዎቹ ተከተሉ፣ ሾፌሩ ተከተለ፣ አባቴም እያለቀሰ ተከተለ። እማዬ ያን ጊዜ ያወጣችው ድምፅ ገበያው ድረስ ተሰምቶ፣ ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ሮጠው መጡ።

በማግሥቱ አያቴ በቁጣ ደረሱ። «ማን ፈቅዶልሽ ነው በደህና ልጄ የምታሟርቺው?» አሏት። እማዬ ከተነጠፈው ሰሌን ላይ ሳትነሣ፣ «አባባ፣ የፈቀደልኝ የለም። ቢመጣ ስሜ ይሰረዝ፤ እስኪመጣ ግን ወንድሜን ላልቅሰው» አለቻቸው። አያቴም በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው አጠገቧ ተቀመጡ። ለነፍሱ ዱዓው ተደረገ፣ ሶደቃው ወጣ። ሰይድም አልመጣም።

ካሳ አላገኘንም። ከድርም ሥራውን አልተወም፣ ሻይ የሚጠጣበትን በረንዳ ብቻ ለወጠ፤ ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በበልጉ ዝናብ መጽሐፉን ጨረስነው። አባዬ እስኪሞት ድረስ የካፒቴኑ ዋስ እንደሆነ ቀረ፤ «ምን ያድርግ፣ ምርጫ አልነበረውም» ይላል፣ እማዬም «ራሱ ጀልባዋ ላይ መውረድ ይችል ነበር» ትላለች፣ እራት ላይ ሳይቀር በዚህ ሲከራከሩ ሰምቼ አድጌያለሁ። ስለ ሰይድ በቤታችን ያለ ሹክሹክታ የሚወራው በዚህ ክርክር ሰበብ ስለነበር፣ እንዲያልቅ የሚፈልግ ያለ አይመስለኝም።

ዛሬ በረንዳው የስልክ መጠገኛ ሆኗል፣ የአገሩ ልጅም ባሕሩን ለመሻገር መሄዱን አላቆመም። መጽሐፉ በቅርቡ እንደገና ታትሞ ስለወጣ፣ ስልኬ ላይ ባለ የአንባቢያን ቡድን ውስጥ ሰዉ ሁሉ አስተያየቱን ይጽፋል። «ልብ አንጠልጣይ»፣ «ካፒቴኑ የምንጊዜም ጀግናዬ»፣ «ገመዱን ሲቆርጥ አጨበጨብኩ» ይላሉ። እኔም ጻፍኩ፦ «ካፒቴኑ ነፍሰ ገዳይ ነው። ከሦስቱ አንዱ ሰይድ ይባላል፣ የቆቦ ልጅ ነው፣ አጎቴ ነው።» የሳቅ ምልክት ተደረደረብኝ፤ አንዱ «እህቴ፣ ልብወለድ እኮ ነው» አለኝ፤ የቡድኑ ኃላፊ ከርዕሱ እንዳልወጣና ጽሑፌን እንዳጠፋ በትሕትና ጠየቀኝ። ርዕሱ ይኸው ነው አልኩት፣ አላጠፋሁትምም።

በረንዳችን ላይ አስተያየት የሚሰጥ ሰው የእናቴን ዓይን እያየ ነበር የሚሰጠው፤ አሁን ሁሉም የመሰለውን ጥሎ ያልፋል፣ ፊቱም አይታይም። ያኔ የሟቹን ስም የሚጠይቅ ሽማግሌ ነበረን፣ አሁን የሚጠይቅ የለም። ሳይጠየቅ የሚናገር ግን አልጠፋም፤ ከሳቁ ሁሉ ግርጌ የማላውቀው ሰው እንዲህ ብቻ ጽፎልኝ አገኘሁ፦

«ሁለተኛው አብዱ ነው። የሮቢት ልጅ። ወንድሜ።»