ለማጂ መንገድ የገዛሁት ሄልሜት

ማጂ ያለችውን እህቴን ጉልበቴ ሳይደክም አንዴ በሞተር ልጠይቃት ብዬ ከቴፒ ሚዛን ተፈሪ ሄጄ ሄልሜት ገዛሁ። ሞተር መንዳትም ሆነ ፈትቶ መግጠም ማንም ሳያስተምረኝ የቻልኩ ሰው ነኝ። የማጂን ብርድ አስቤ የሹራብ ኮፍያዬን ሳላወልቅ ለካሁና ትልቁን መረጥኩ።

«አባባ፣ ኮፍያውን አውልቀው ራስዎን ይነቅንቁት፤ ሄልሜቱ ከተወዛወዘ ሰፊ ነው» አለችኝ ሻጯ።

«አንቺ ሳትወለጂ ነው ሞተር የነዳሁት» አልኳት።

ቴፒ ግን ሙቀት ነው፤ በኮፍያ አይነዳም። ያለ ኮፍያ ሳደርገው ዓይኔ ላይ ወረደ። ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ ውስጡ ላይ በእጄ ሰፋሁት፤ ልክክ አለ። እንዲህ አድርጎ የሚሰፋ ካለ ይምጣ።

ከማጂ በፊት ያለችው ቱም ከተማ ልደርስ ስል ዝናብ ያዘኝ። ስፖንጁ ውሃውን ሁሉ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ከበደ፤ አንገቴ መሸከም አቃተው። ቱም ላይ ሞተሩን ለሰው አደራ ሰጥቼ፣ በጣም ደክሞኝ፣ ማጂ በመኪና ገባሁ።

እህቴ በር ላይ ጠበቀችኝ። «ወንድምዓለም፣ ሞተሩስ?» አለችኝ።

አንገቴ አልዞር ስላለ መላ ሰውነቴን ወደ እሷ አዞርኩ።

«ደክሞት ቱም አሳረፍኩት» አልኳት።