ለሒሳብ የተላኩ ሽማግሌዎች

አባቴን እሺ ለማሰኘት ሽማግሌ ላክሁበት። ለባል አይደለም፣ ለትምህርት ነው። ዛሬም ሳወራው ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ፣ እኔ ግን እንጀራዬን ያገኘሁት በዚያ ነው።

ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ኢንተርኔት ቤት በየመንገዱ በተከፈተበት ሰሞን አንዱ የኢሜይሌን የይለፍ ቃል ሰርቆ በስሜ ለጓደኞቼ ስድብ ላከላቸው። አልቅሼም አልወጣልኝ። ታዲያ የሰው ደብዳቤ ለሌላ ሰው እንዳይከፈት የሚደረገው እንዴት ነው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ፤ በቃ፣ እዚያው ቀረሁ። የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህሬን ብጠይቃቸው፣ «ኮምፒውተሩን በኋላ ትደርሽበታለሽ። ምስጢር የሚቆለፈው በሒሳብ ነው፤ መጀመሪያ እሱን ተማሪ» አሉኝ።

አባቴ ግን ውጤቴ ሕክምና እንደሚያስገባ ለመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ አውርቶ ጨርሷል። «የዶክተሯ አባት» ይሉታል፤ ደስ ይለዋል። «ሒሳብ ተምረሽ ምን ልትሆኚ?» ይለኛል፣ ሌላ መስማት የለም። የትምህርት ክፍል የምንመርጥበት ቀን ሲቃረብ እናቴ ጨነቃትና «ሽማግሌ ላኪበት!» አለችኝ።

እሁድ ጠዋት መምህሬና ሐጂ የምንላቸው የግቢያችን ትልቅ ሰው መጡ። አባቴ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ቢላቸው፣ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው እንደ ደንቡ ቆሙ። የአባቴ ፊት ተለዋወጠ።

«ልጅቷ ገና ተማሪ ናት! ማነው ደግሞ እሱ?»

ጓዳ ሆኜ ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል እናቴ ቆነጠጠችኝ።

«ልጅዎን ለሒሳብ እንዲድሩልን ነው የመጣነው» አሉ ሐጂ።

አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲጨርስ ግን «ቤተሰብ እንማከር፤ በሚቀጥለው እሁድ ተመለሱ» አላቸው። ወይ ጣጣ!

በሳምንቱ መሀል ዕቃ ልንገዛ ወደ ባምቢስ ሱፐርማርኬት አብረን ስንሄድ፣ «ይሄ ምስጢር መቆለፍ የምትይው፣ እዚህ አገር ሥራ አለው?» አለኝ።

«ገና ነው፣ አባዬ» አልኩት። መዋሸት አቃተኝ። እርምጃውን አፍጥኖ ቀደመኝ፤ በቃ አለቀልኝ አልኩ።

እሁድ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ቆሙ። አባቴም ቆመ።

«ሰጥቻለሁ» አለ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው፤ እሱ በእጁ ዝም አሰኛት። «ግን አንድ ቃል አለኝ። ካልሆነላት፣ ሰው ምን ይለኛል ብላ እዚያ እንዳትሰቃይ። ቤቷ ነው፣ ትምጣ። እኔም ‹ብዬሽ ነበር› አልላትም።»

ጓዳ ውስጥ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ትምህርቱን ስጀምር ሒሳቡ ከበደኝ፣ እንዴት ያለ ክብደት! ዛሬ የሰው ምስጢር እየጠበቅሁ የምኖረው ጎበዝ ስለነበርኩ አይመስለኝም። ብወድቅ ወደ ቤቴ መመለስ ስላልፈራሁ ነው። እግዜር ይስጥልኝ፣ አባዬ።