በረሃ ሰፈር የገዛነው ቤት

ሰፈሩ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሌላ ስም ነበረው፤ ሰዉ ግን «በረሃ» ይለው ነበር። ከሶዶ ወደ ሁምቦ በሚወርደው በኩል፣ ለዳሞታ ተራራ ጀርባውን ሰጥቶ የተዘረጋ ቁልቁለት ነው። እርሻው ተሸንሽኖ ለቤት መሥሪያ ሲሸጥ ዛፉ ተቆረጠ፣ ግጦሹ ተረገጠ። በበጋ ነፋስ ሲነሣ ቀዩ አቧራ ሰማዩን ይጋርደዋል። ቧንቧ የለም፣ መብራት የለም። እዚያ ቤት ልንገዛ ነው ስንል የባለቤቴ የመሥሪያ ቤት ጓደኞች ግመልም አብራችሁ ግዙ ብለው ሳቁብን።

ያኔ ከገሱባ ከመጣን ሁለት ዓመት ሊሆነን ነበር። ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሲሆን ባለቤቴ ወደ ሶዶ ተዛወረ፤ እኔም መምህር ነኝና ስንት ደጅ ጠንቼ ዝውውር አገኘሁ። የተከራየነው ከኦቶና ሆስፒታል በታች አንዲት ክፍል ነበር። አከራያችን ክፉ ሴት አልነበረችም። ግን እንግዳ ሲመጣብን በሯ ላይ ቆማ ታያለች፤ ልብስ ሳጥብ ስንት ባልዲ እንደቀዳሁ ታውቃለች። ነፍሰ ጡር መሆኔ ሲገባት ደግሞ ሕፃን ያለው ተከራይ እንደማትፈልግ በጎረቤት አስነገረችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ የራሴ በር ከሚባል ነገር በቀር የምመኘው አልነበረኝም።

ደላላው አንድ ቅዳሜ ወደ በረሃ አወረደን። ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ነው፤ ክዳኑ ቆርቆሮ። ሻጩ ወጣት ነበር፤ አባቱ ሲሞት ቤቱ ለእሱ ደርሶታል፣ ሸጦ ባጃጅ ሊገዛ ነው። ጓሮው ውስጥ ወፋፍራም እንሰት ቆሟል። በዚያ ሁሉ ገላጣ መሬት ላይ አረንጓዴ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ከእንሰቱ መሀል አንዲት የሣር ጎጆ አለች፤ ደጃፏ ላይ አንዲት አሮጊት ተቀምጠው እንሰት ይፍቃሉ።

«እናቴ ናት» አለ ልጁ። «እሷ እዚሁ ናት፤ አታስቸግራችሁም።»

ውሉን የጻፈልን በቤተ ክርስቲያን የምናውቀው ሰው ነው። ባለቤቴ፣ አሮጊቷ ዕድሜ ልካቸውን በጎጇቸው እንዲኖሩ መስማማታችን ይጻፍ አለ። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣና፣ እንዲህ ያለ ነገር ከገባበት ነገ ካርታ ስታወጡ መዘዝ ይሆንባችኋል አለን። ባለቤቴ እኔን አየኝ። «ቃላችን ይበቃል» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን በእሱ ላይ ላላክክ አልችልም።

አሮጊቷ አማርኛ አይሰሙም ነበርና ውሉን በወላይትኛ የነገርኳቸውም እኔ ነኝ። ቤቱ የእኛ ሆነ፣ እርስዎ ግን የትም አይሄዱም አልኳቸው።

«እንሰቱስ?» አሉኝ።

«እንሰቱ የእርስዎ ነው።»

አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ወረቀቱ ላይ አሳረፉ።

በገባን በሦስተኛው ወር ሴት ልጅ ወለድኩ። በረሃ ውስጥ ሕፃን ማሳደግ ምን እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። ውሃ የምንቀዳው ላይ አስፋልቱ ዳር ካለው ቦኖ ነበር፤ ወረፋ ይዘን፣ ያም ውሃው በሚመጣበት ቀን። የታጠበ ልብስ ሳይደርቅ አቧራ ይለብሳል። ልጄ ስታስነጥስ ንፍጧ ቀይ ነበር። የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ሠራተኛ ፈለግን፤ እዚያ ድረስ ወርዳ የምትሠራ ጠፋች። አንድ ጠዋት፣ ትምህርት ቤት እየረፈደብኝ ሳለቅስ፣ አሮጊቷ ከጓሮ መጥተው ምንም ሳይሉኝ ልጄን ከእጄ ወሰዷት።

ከዚያ ጠዋት ጀምሮ እማማ አልኳቸው። ልጄ በእሳቸው ጀርባ አደገች። የሚበሉትን አላምጠው አጎረሷት፤ ትኩሳት ሲይዛት አዝለው ኦቶና ሆስፒታል ድረስ ዳገቱን በእግራቸው ወጡ። እኛ የከተማ ልጅ ትሁን ብለን በአማርኛ ልናሳድጋት ነበር ሐሳባችን። እሷ ግን አፏን የፈታችው በእማማ ወላይትኛ ነው፤ አማርኛው ኋላ ከእኛ መጣላት። ከፈቁት እንሰት ሁሌ ያካፍሉናል። ደመወዝ ልሰጣቸው ስሞክር እጄን መልሰው፣ የልጅ ልጅ በደመወዝ አይታዘልም አሉኝ።

አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። ሰፈሩ አደገ፤ ሱቅ ተከፈተ፣ ወፍጮ ተተከለ፣ የሳቁብን የባለቤቴ ጓደኞችም ቦታ ፈልግልን እያሉ ይለምኑት ጀመር። ከዚያ መንገድ ሊወጣ ነው ተባለ። የቀበሌው ስብሰባ ላይ ልማት ነው፣ እናንተንም ይጠቅማል ተብለን አጨበጨብን። የመንገዱ መስመር ሲሰመር የፊት ቤታችንን ትቶ ጓሮውን በሙሉ፣ እንሰቱንም ጎጆዋንም ይወስዳል። ሰው የሚኖርበት ቤት ከፈረሰ ምትክ ቦታ የሚሰጠው ለዚያ ነዋሪ እንደሆነ ነገሩን። ማድቤት ወይም በረት ከሆነ ግን ምትኩ ለባለይዞታው ነው። ባለይዞታው ማለት በውሉ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው።

የሚለኩት ሰዎች የመጡ ቀን ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበር። ያለነው እኔ፣ ልጄና እማማ ነበርን። እማማ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ልጄን ታቅፈዋታል። መዝገብ የያዘው ሰውዬ ወደ ጎጆዋ እያየ በአማርኛ ጠየቀኝ።

«እዚህ ሰው ይኖራል?»

አስቤ የተናገርኩት ነው፤ አፌ አምልጦኝ አይደለም። ምትክ ቦታው ላይ የብሎኬት ቤት አየሁ፤ ላይ፣ ከአቧራው ወጣ ብሎ፣ ቧንቧ ያለው።

«ማድቤት ናት» አልኩት።

«እሳቸውስ?»

«አክስቴ ናቸው። ሊጠይቁን መጥተው ነው።»

ሰውዬው ጻፈና አስፈረመኝ። እማማ እንግዶች ናቸው ብለው ፈገግ እንዳሉ ነበሩ።

ባለቤቴ ሲመጣ ነገርኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ፈርመሻል ወይ አለ። ፈርሜያለሁ አልኩት። ራቱን በላ። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ቀን አንሥቶብኝ አያውቅም። ቢቆጣኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ለእማማ መንገድ መጥቶ ጎጆውን ሊያፈርስ ነው አልኳቸው። የት ይሰጡኛል ብለው ሲጠይቁኝ፣ ለሣር ቤት ምንም አይሰጥም አልኩ። ሌላ አልጠየቁኝም። በማግስቱ እንሰቱን መንቀል ጀመሩ። አሥር ቀን ያህል ብቻቸውን ቆረጡ፣ ፈቁ፣ በኮባ ጠቀለሉ። ላግዝዎት ስላቸው በእጃቸው ወደ ቤት መለሱኝ። ልጄን ግን እስከ መጨረሻው ቀን አዘሏት።

ልጃቸው በባጃጅ መጥቶ ወሰዳቸው፤ ቆላ ሁምቦ እህቱ ዘንድ ሊያደርሳቸው። ከቆጮው ግማሹን በራችን ላይ አስቀምጠውልናል። ልጄ ቀሚሳቸውን ይዛ አልለቅም ስትል ጣቷን አንድ በአንድ ያላቀቁት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና በዝግታ፣ በማይጎዳ ድምፅ፣ በወላይትኛ እንዲህ አሉኝ፦

«ማድቤቷን ለቅቄልሻለሁ።»

ባጃጁ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። እኔ እዚያው ቆምኩ። በዚያ ግቢ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሁለቱንም ቋንቋ የምትሰማ፣ ሊለኩ በመጡ ቀን ጭናቸው ላይ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች። የሰማችውን ነግራቸዋለች፤ ለእሳቸው የማትነግራቸው ነገር አልነበራትም። ያን ሁሉ ቀን እያወቁ ነው ልጄን ያዘሉልኝ።

ምትክ ቦታውን አገኘን። የብሎኬት ቤት ሠራን፤ ቧንቧ ገባልን። ሁምቦ ሩቅ አይደለም፤ በሚኒባስ ሄዶ በዚያው ቀን መመለስ ይቻላል። ሁለት ጊዜ ልሄድ ተነሥቼ መናኸሪያው ደርሼ ተመልሻለሁ። ልጄ እማማ የት ናቸው እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ ኋላ መጠየቋን ተወች፤ ወላይትኛውንም እየተወችው መጣች።

መሞታቸውን የሰማነው በቤተ ክርስቲያን በሚነገር የለቅሶ ማስታወቂያ ነው። ከባለቤቴ ጋር ሄድን። ሴት ልጃቸው እኔ ማን እንደሆንኩ ስትሰማ ከለቀስተኛው መሀል ተነሥታ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እናቷ ስለ እኛ ሁልጊዜ ያወሩ እንደነበር ነገረችኝ፤ ቤታቸውን ከሸጡ በኋላ ሳናስወጣ አራት ዓመት እንዳኖርናቸው፣ የልጅ ልጅ እንደሰጠናቸው።

«እናንተ ባትኖሩ የት ትወድቅ ነበር?» አለችኝ። «እግዚአብሔር ይስጣችሁ።»

አሜን አልኳት። ወንበር አምጥተው ከዘመድ ጋር አስቀመጡኝ፣ ቀድመው እንድበላ አደረጉ፣ እኔም በላሁ። ስንመለስ ባለቤቴ በሚኒባሱ መስኮት ወደ ውጭ እያየ፣ ዝናቡ ሳይመጣ አጥሩን ማሳደስ አለብን አለኝ። እሺ አልኩት።