በየካቲት የተነቀለችው ጌሾ

ጌሾዋን በነቀልንበት ቀን ጓሯችን ውስጥ የነበርነው እናቴ፣ ባለቤቴ ይመር፣ ጎረቤታችን ሀዋና እኔ ነን። ጀርባዬ ላይ ታዝላ የተኛችውን የስድስት ወር ልጄንም ልቁጠራት። ይህችው ልጄ ዛሬ የራሷ ጓሮ አላት። ባለፈው ሳምንት ደውላ «እማ፣ ጽጌረዳዋን ወደ በር ላዛውራት ነው» ስትለኝ ደነገጥኩ። ጥር ላይ ነን!

«እጅሽን ሰብስቢ! መሬቱ ዝናብ ሳይጠግብ እንዳትነኪያት» አልኳት።

ሳቀችብኝ። እኔ ግን በዚህ ነገር ሁለተኛ አልሳሳትም።

ጊዜው ክልላችን አዲስ የተቋቋመበት ነበር። አሶሳ ዋና ከተማ ሆና መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ ቀያሾች መጡና ጓሯችን ውስጥ ከጌሾዋ አጠገብ ችካል ተከሉ። ያቺን ጌሾ እናቴ ከወሎ ለሰፈራ ስንመጣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ያመጣቻት ናት። ከአገር ቤት የተረፈን እሷ ብቻ ነበረች። ቀያሹ «ሥራው ከክረምት በኋላ ነው» ቢለንም እንቅልፍ አጣሁ። ቀድመው ቢመጡስ? እናቴም «የካቲት ነው፤ በልጉ ደርሷል» አለች። ለወሎ እውነቷን ነው። አሶሳ ብዙ ዓመት ኖረንም ወሩን የምንቆጥረው በአገራችን ዝናብ ነበር።

ከየሜዳው የተቃጠለ ሣር ይሸታል። ይመር መቆፈር ሲጀምር ሀዋ በአጥሩ ላይ አየችን። የአገሬው ተወላጅ፣ በርታ ናት፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም።

«አንተ ልጅ፣ ምን ትሠራለህ?» አለችኝ።

«ጌሾዋን ላዛውራት ነው፣ እትዬ ሀዋ።»

«አሁን? ዝናብ የት አለ? ግንቦት ድረስ ተወው።»

«በልግ መጣ እኮ» አለች እናቴ።

«በልግ ማነው? በዚህ አልፎ አያውቅም!»

ሁላችንም ሳቅን፤ ነቀልናትም። አፈሩ እንደ ሸክላ ደርቆ ነበርና ዋናው ሥር ቀጭ ብሎ ተቆረጠ። አዲሱ ቦታ ተክለን ሁለት ባልዲ ውሃ አጠጣናት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቅጠሏ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተንጠልጥሏል። እናቴ አጠገቧ ተቀምጣ ቅጠሉን በመዳፏ ቀና ታደርጋለች።

ሀዋ ገጀራ ይዛ ገባች። ማንንም ሳታስፈቅድ ቅርንጫፉን ከነቅጠሉ ከረከመችው። አንድ ክንድ የማይሞላ ጉቶ ቀረ።

«ገደልሻት! ያንቺ ስላልሆነች ነው!» ብዬ ጮኽኩባት። እትዬ ማለቱም ቀረ።

«ቅጠል ብዙ ይጠጣል። ሥሩን ቆረጥክ፤ ከየት ያመጣል?» አለችና ከቤቷ የቀርከሃ ምንጣፍ አምጥታ ጥላ ሠራችላት። «ማታ ማታ ውሃ ስጠው» ብላኝ ወጣች።

ይመር «ነውር ነው፤ ሂጂና ይቅርታ በያት» ቢለኝ «ነገ» አልኩ። በማግስቱም ነገ አልኩ። በሳምንቱ ሀዋ የወለደች ልጇን ልታርስ ከአሶሳ ወጣ ብላ ወዳለችው ሆሞሻ ሄደች። የእሷም ቤት ለመንገዱ ተለክቶ ስለነበር እዚያው ቀረች ተባለ።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ሲጥል ጉቶው ላይ ጥፍር የሚያህሉ ሦስት ቡቃያዎች ወጡ። እናቴ በጣቷ እየነካካች አለቀሰች። እኔም ወደ ሀዋ አጥር ዞርኩ፤ የምነግረው ሰው አልነበረም።

ዛሬ ሰዎች ስለ ተክል እኔን ይጠይቃሉ፤ ሳላመነታም እመልሳለሁ። ለልጄ የነገርኳት ግን የሀዋን ቃል ነው፣ እንደ ራሴ እውቀት አድርጌ። ሀዋ ያኔ አርባ ቢሆናት ነው፤ በሕይወት አለች ብዬ አምናለሁ። ግራ ቅንድቧ ላይ ጠባሳ አለ። ሆሞሻ አካባቢ የምታውቋት ካላችሁ፣ ጌሾዋ መትረፏን ንገሩልኝ፤ ለእኔም የት እንዳለችና ደህና መሆኗን አሰሙኝ።